“ፖዘቲቭ ነሽ” ማለት ምን ማለት ነው?

ጋዜጠኝነት ተምሬ ከተመረቅኩ ወዲህ በሰፈራችን አንድ ደመወዝ የሌለው ሥራ አለኝ። ወረቀት አነባለሁ። የፍርድ ቤት መጥሪያ በሉት፣ የውኃ ቢል በሉት፣ የባንክ ደብዳቤ በሉት፣ ፊደልና ማኅተም ያለበት ነገር ሁሉ ወደኔ ይመጣል። “አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? እስኪ ምን እንደሚል እይልን” ይሉኛል። እኔም አራት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ለዚሁ ይመስል ኮስተር ብዬ አነብላቸዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ይሳካልኛል።

አንድ ምሽት ግን የመጣልኝን ወረቀት ማንበብ አቃተኝ።

ያመጣችው የጎረቤታችን ልጅ ናት። ከኔ በሁለት ዓመት ብታንስ ነው፤ ሰኞ ማክሰኞ አብረን ተጫውተን ነው ያደግነው። ዐረብ አገር ለመሄድ ሽር ጉድ ማለት ከጀመረች ወራት አልፈዋል። ፓስፖርቱ ወጥቷል፣ ሥልጠናው ተወስዷል፣ እናቷም ተራቸው ሳይደርስ እቁብ ለምነው ወስደው ለወጪው አውለውታል። የቀረው “ሜዲካል” የሚሉት የጤና ምርመራ ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ወደቀች።

ወረቀቱ ላይ ከተደረደሩት ምርመራዎች አንዱ “ኤች ሲ ቪ አንቲቦዲ” ይላል። ፊት ለፊቱ “ሪአክቲቭ” ተብሎ ተጽፏል። ኤች ሲ ቪ ጉበትን ከሚያጠቁት ቫይረሶች አንዱ፣ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ነው።

“ምን አሉሽ?” አልኳት።

“ፖዘቲቭ ነሽ፣ ጉበትሽ ላይ ቫይረስ አለ፣ አትሄጂም አሉኝ።”

“ሌላስ?”

“ሌላ ምንም። ‘ቀጣይ!’ ብለው ሌላ ሰው ጠሩ።”

ሳምንት ሳይሞላ እናቷ የልጃቸውን ስኒና ብርጭቆ ለይተው አስቀመጡ። በክፋት አይደለም። ታናሽ ወንድም አላት፣ ለሱ ፈርተው ነው። ሰፈሩም “ጉበት አለባት አሉ” ማለት ጀመረ። (ጉበት የሌለበት ሰው ካለ እባካችሁ አሳዩኝ!) አንዲት አሮጊት የወፍ በሽታ ነው ብለው የባሕል መድኃኒት አዋቂ ጠቆሙ። እሷ ግን ምንም አልተናገረችም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዝም አለች።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ወረቀት ነው። ስለሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ግን ተመሳሳይ ወረቀት ይዘው ከየክሊኒኩ የሚወጡ፣ ማንም ያላነበበላቸው ብዙ ሰዎች አሉ ብዬ አምናለሁ። የምለው ነገር በአጭሩ ይኸው ነው፦ የአንቲቦዲ ምርመራ ሰውነታችን ከአንድ ቫይረስ ጋር ተገናኝቶ እንደሆነ ይጠቁማል እንጂ ቫይረሱ ዛሬ እዚያው መኖሩን ብዙ ጊዜ አይነግረንም። እኛ ግን “ፖዘቲቭ” የምትለዋን ቃል እንደ ፍርድ እያነበብናት ነው።

የጥበቃው መዝገብ

ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ስትገቡ በር ላይ ያለው ጥበቃ መታወቂያችሁን ተቀብሎ ስማችሁን መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ማታ ላይ ያንን መዝገብ ያነበበ ሰው እናንተ ወደዚያ ግቢ መምጣታችሁን ያውቃል። አሁንም ግቢ ውስጥ ናችሁ ወይስ ጉዳያችሁን ጨርሳችሁ ሄዳችኋል? መዝገቡ የመውጫ ሰዓት ከሌለው ይህን ማወቅ አይችልም። ለማወቅ ከፈለገ ተነሥቶ ቢሮ ለቢሮ መፈለግ አለበት።

አንቲቦዲም እንደዚሁ ነው። በአማርኛ “ፀረ እንግዳ አካል” ይሉታል። ቫይረስ ሲገባብን ሰውነታችን ያንን ቫይረስ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ይሠራል። ቫይረሱ ተሸንፎ ከሄደ በኋላም ያ ፕሮቲን ብዙውን ጊዜ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ በደም ውስጥ ይቆያል። ለዚህ ነው አንዳንድ በሽታ አንዴ የያዘው ሰው ሁለተኛ የማይዘው። ክትባትም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። እንግዳው ሳይመጣ ፎቶውን ለጥበቃው እንደ መስጠት በሉት።

የላቦራቶሪ ሰዎች ሁለት ዓይነት አንቲቦዲ ይፈልጋሉ። አይ ጂ ኤም የሚባለው ቶሎ ደርሶ፣ በአብዛኛው በወራት ውስጥ የሚጠፋው ነው። አይ ጂ ጂ ዘግየት ብሎ መጥቶ የሚሰነብተው ነው። ለምሳሌ በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፈውን ሄፓታይተስ ኤን እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ በተጓደለባቸው አገሮች 90 በመቶ የሚሆኑት ሕፃናት 10 ዓመት ሳይሞላቸው በዚህ ቫይረስ ይያዛሉ፤ አብዛኞቹም ሳይታወቅባቸው ይድናሉ። እንግዲህ እኔንም እናንተንም ዛሬ ለሄፓታይተስ ኤ አይ ጂ ጂ ቢመረምሩን “ፖዘቲቭ” የመባል ዕድላችን ሰፊ ነው። ታመናል ማለት ነው? አይደለም። አንድ ጊዜ፣ ምናልባት ዳዴ ስንል፣ ታመን ድነናል ማለት ነው። አይ ጂ ኤም ከተገኘብን ግን ነገሩ የሰሞኑ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል።

የጋዜጠኝነት ትምህርት ሲጀመር የሚያስጠኑን ስድስት ጥያቄዎች አሉ፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት። የጎረቤቴን ወረቀት ደጋግሜ ሳየው “ማን” አለ፤ ስሟ ተጽፏል። “ምን” አለ፤ አንቲቦዲ። “መቼ” ግን የለም። ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው ደግሞ እዚያች “መቼ” ላይ ነው። “መቼ” የሌለው ዜና ለአዘጋጄ ባቀርብ ኖሮ ወረቀቱን መልሶ በወረወረልኝ ነበር።

“ፖዘቲቭ” ለምን አስፈራን?

ለዚህ ምክንያት አለን፤ ራሳችንን ብቻ አንውቀስ። “ፖዘቲቭ” የምትለው ቃል ወደ አማርኛችን የገባችው በኤች አይ ቪ በኩል ነው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት በየቤቱ ምን እንደሆነ ታላላቆቻችን ያውቃሉ። “ፖዘቲቭ” ማለት ያኔ ለቅሶ ማለት ነበር። የእኛ ትውልድ ደግሞ በየትምህርት ቤቱ ክበብ፣ በየፖስተሩ፣ በየድራማው “ተመርመሩ” እየተባለ አደገ። ጥንዶች ከጋብቻ በፊት ውጤታቸውን ይዘው መቅረባቸውም የተለመደ ነገር ሆነ።

ያ ሁሉ ዘመቻ ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ማንም አይክደውም። ከዚያ የተማርነው ግን ስለ አንድ ቫይረስ ነበር፣ ያውም ከሌሎቹ ለየት ስላለው። ኤች አይ ቪ አንዴ ከገባ የማይወጣ እንግዳ ነው። ስለዚህ በኤች አይ ቪ ነገር ስሙ መዝገብ ላይ አለ ማለት ራሱ ግቢ ውስጥ አለ ማለት ነው። በአንቲቦዲ ምርመራ ሰው “ቫይረሱ በደሙ አለ” የሚባለውም ለዚህ ነው።

እዚያም ቢሆን ማስተዋል የሚያስፈልጋቸው ነገሮች አሉ። ቫይረሱ በደሟ ካለ እናት የተወለደ ሕፃን የእናቱን አንቲቦዲ ይዞ ነው የሚወለደው። ያ አንቲቦዲ እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሕፃኑ ቫይረሱ ሳይኖርበት “ፖዘቲቭ” ሊል ይችላል፤ ለሕፃናት ራሱን ቫይረሱን የሚፈልገው ምርመራ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። በተቃራኒው ደግሞ ከትናንት ወዲያ ለቫይረሱ የተጋለጠ ሰው ዛሬ ቢመረመር “ኔጋቲቭ” ይላል። ሰውነቱ አንቲቦዲውን ገና አልሠራማ! ፈጣኑ የአንቲቦዲ ምርመራ ለመለየት ከ23 እስከ 90 ቀን ሊወስድበት ይችላል። “ነፃ ነኝ” ብሎ ወረቀቱን እንደ መታወቂያ የሚያሳየው ጎረምሳ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በደሙ ውስጥ በምርመራ የማይታይ ደረጃ የደረሰለት ሰውም አለ። እንዲህ ያለ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። የአንቲቦዲ ምርመራ ብታደርጉለት ግን ያው “ፖዘቲቭ” ነው። መዝገቡ አልተፋቀም።

ይህን የኤች አይ ቪ ትምህርት ይዘን ወደ ሌሎቹ ቫይረሶች ስንሻገር ነው የምንሳሳተው።

የሚወጣ እንግዳም አለ

ሄፓታይተስ ሲን እንመልከት። ይህ ቫይረስ ከገባባቸው ሰዎች ውስጥ 30 በመቶ ገደማ (ከ15 እስከ 45 በመቶ ባለው መሃል) ምንም መድኃኒት ሳይወስዱ በስድስት ወር ውስጥ ሰውነታቸው ራሱ ያጸዳዋል። ቫይረሱ ይሄዳል፣ አንቲቦዲው ይቀራል። መድኃኒት ወስደው የዳኑትም እንደዚሁ ናቸው። ቫይረሱ ከደማቸው ጠፍቶም አንቲቦዲው ለብዙ ዓመት፣ ምናልባትም ዕድሜ ልካቸውን “ሪአክቲቭ” እያለ ይከተላቸዋል። ስለዚህ የሄፓታይተስ ሲ አንቲቦዲ የተገኘበት ሰው ቫይረሱ አሁን አለበት ለማለት ሁለተኛ ምርመራ የግድ ነው። ያ ምርመራ በሰፊው ፒ ሲ አር የሚባለው፣ የቫይረሱን የዘር ቅንጣት ራሱን የሚፈልገው ነው። ቢሮ ለቢሮ እየዞሩ እንግዳውን መፈለግ ማለት እሱ ነው።

ይህ በሩቅ ያለ የላቦራቶሪ ወግ እንዳይመስላችሁ። ግብፅ ሠርታበታለች። ግብፅ በዓለም ላይ ሄፓታይተስ ሲ ከበዛባቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ነበረች። ለዚህም አንዱ ምክንያት ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ የቢልሃርዝያ መድኃኒት በዘመቻ ሲሰጥ በአግባቡ ሳይቀቀሉ ደጋግመው ያገለገሉ መርፌዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 ድረስ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ጣቱን እየተወጋ በአንቲቦዲ ምርመራ ተመረመረ። ከ2 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት “ሪአክቲቭ” አሉ። ከዚያስ? “ፖዘቲቭ ናችሁ፣ ቀጣይ!” አልተባሉም። ለፒ ሲ አር ተላኩ። ከተመረመሩትም ውስጥ ከአራት አንዱ ገደማ ቫይረሱ አልተገኘበትም። የተገኘባቸው በነፃ እንዲታከሙ ተደረገ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ግብፅ በሽታውን ለማጥፋት በምታደርገው ጉዞ ልዩ ደረጃ ላይ መድረሷን አወጀ። መጀመሪያ የተጠቀሙበት ፈጣን የጣት ምርመራ እኛም የምናውቀው ዓይነት ነው። የለያቸው ከ“ሪአክቲቭ” በኋላ ያደረጉት ነገር ነው።

ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። እሱን ስንመረመር የሚፈለጉት ነገሮች ቢያንስ ሦስት ናቸው፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ግን ሕዝቡ አንድ ላይ ይደባልቃቸዋል። አንደኛው የቫይረሱ የራሱ ገላ ነው፣ “ሰርፌስ አንቲጅን” የሚሉት። ይህ ከተገኘ ቫይረሱ አሁን አለ ማለት ነው፤ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል። ሁለተኛው በዚያ ገላ ላይ የተሠራ አንቲቦዲ ነው። ይህ ከተገኘ ደስ ይበላችሁ! ወይ ተከትባችኋል፣ ወይ ይዟችሁ ድናችኋል። ሦስተኛው “ኮር አንቲቦዲ” የሚባለው ሲሆን በክትባት አይመጣም፤ ከቫይረሱ ጋር በእርግጥ ተገናኝተን እንደነበር ይናገራል።

አሁን አስቡት። አንዱ “ፖዘቲቭ” ሕክምና ተከታተል ማለት ነው። ሌላው “ፖዘቲቭ” ደግሞ ጥበቃ አለህ፣ ተኛ ማለት ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ አንድ ቃል ናቸው። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት በምትሰጠው አምስት በሽታን በሚከላከል ክትባት ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ አለበት። እነዚያ ልጆች እያደጉ ነው። ነገ ሥራ ሲቀጠሩ፣ ሲጋቡ፣ ሲጓዙ በደማቸው ክትባቱ የሰጣቸው አንቲቦዲ ቢገኝ “ጉበት አለበት” ልንላቸው ነው?

መሳሳቱ በቫይረስ ብቻ አያበቃም። አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ሄዶ “ታይፎይድና ታይፈስ” ሳይባል የተመለሰ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እነዚህ የባክቴሪያ በሽታዎች ናቸው፤ በብዛት የሚመረመሩት ግን በአንቲቦዲ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት የያዘን ታይፎይድ የተወው አንቲቦዲ የዛሬውን ጉንፋን “ታይፎይድ” ያሰኘዋል። እኛም አንቲባዮቲካችንን ውጠን እንተኛለን።

መቶ ሰው ከአሥር ሺህ

ሌላም ጉድ አለ። ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ምርመራ ይሳሳታል። ሒሳብ የማትወዱ ታገሡኝ፤ እኔም አልወድም።

እንበልና አንድ ቫይረስ ከመቶ ሰው አንዱን ብቻ ይዟል። 10,000 ሰው መረመርን። በእርግጥ የተያዙት 100 ናቸው ማለት ነው። ምርመራችን በጣም ጎበዝ ነው እንበል፤ ከተያዙት 99 በመቶውን ያገኛል፣ ካልተያዙትም 99 በመቶውን በትክክል “ነፃ” ይላል። ከ100ዎቹ 99ኙን አገኘ፤ እሰየው። ካልተያዙት 9,900 ሰዎች ውስጥ ግን አንድ በመቶውን፣ ማለትም 99 ሰዎችን በስሕተት “ፖዘቲቭ” አለ። በአጠቃላይ 198 ሰው “ፖዘቲቭ” ተባለ፤ ግማሹ ምንም የለበትም!

ምርመራው መጥፎ ሆኖ አይደለም። በሽታው በሕዝቡ ውስጥ ጥቂት ሲሆን የስሕተቱ ድርሻ ስለሚጎላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 “ኤች አይ ቪ አለበት” ከመባሉ በፊት ሦስት ተከታታይ የተለያዩ ምርመራዎች “ሪአክቲቭ” ማለት አለባቸው ብሎ የመከረው ለዚህ ነው። ለኤች አይ ቪ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለሌላው አንድ ወረቀት ይበቃል ያለን ማነው?

መጠርጠር ሌላ፣ መፍረድ ሌላ

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛዬ “አንቺ ደግሞ! ታዲያ የደም ባንክ በአንዲት ምልክት ደም የሚጥለው ለምንድን ነው?” ብሎ ሞግቶኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የደም ባንክ የተለገሰውን ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረምራል፤ የሚያጠራጥር ነገር ካየ ደሙን ያስወግዳል። ልክ ነው። ያ ደም የሚሄደው ወደ ወላድ፣ ወደ ሕፃን፣ መኪና ወደገጨው ሰው ነው። አንድ ጠርሙስ ንጹሕ ደም በጥርጣሬ ቢደፋ ከሚመጣው ጉዳት ይልቅ አንድ የተበከለ ደም ቢያልፍ የሚመጣው ይብሳል።

ለደም ከረጢት ጥርጣሬ ይበቃል፤ ለሰው ግን አይበቃም። የለጋሹን ደም የደፋው የደም ባንክ ለጋሹን “በሽተኛ ነህ” ካለው ተሳስቷል። “ደምህ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል፣ እዚህ ቦታ ሂድ” ካለው ሥራውን ሠርቷል። የመለያ ምርመራ የተፈጠረው ማን በደንብ መታየት እንዳለበት ለመጠቆም ነው። እኛ ጠቋሚውን ዳኛ አደረግነው።

“ሰውን ካላስፈራራችሁት አይታከምም” የሚሉም አሉ። እኔ ግን ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ጎረቤቴ ስለፈራች ሐኪም ዘንድ አልሄደችም፤ ወረቀቱን ደበቀችው። ቫይረሱ በእርግጥ ቢኖርባትስ ኖሮ? ሄፓታይተስ ሲ ሳያሳምም ለብዙ ዓመት ተቀምጦ ጉበትን ወደ መጠጠርና ወደ ካንሰር ሊወስድ የሚችል ቫይረስ ነው። ዛሬ ግን በአፍ የሚወሰድ፣ ብዙውን ጊዜ በ12 ሳምንት የሚያልቅ፣ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን የሚያድን መድኃኒት አለው። ያ ሁሉ እያለ አንዲት ልጅ “ቀጣይ!” ተብላ ስትሸኝ አንድም ሰው “የኔ እኅት፣ ይህ ገና አልተረጋገጠም፤ ቢረጋገጥም ይድናል” አላላትም። የዐረብ አገሩን ጉዞ ከመከልከል ይልቅ እኔን የከነከነኝ ይህ ነው። ተቀባይ አገሮች የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ እኛ አንቀይረውም። የገዛ አገራችን ክሊኒክ ለገዛ ልጃችን ምን ብሎ እንደሚነግራት ግን የእኛ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ክሊኒኮች ሆይ፣ የምንለምናችሁ ብዙ አይደለም። ውጤት ስትሰጡ የትኛው ምርመራ እንደሆነ፣ አንቲቦዲ ይሁን አንቲጅን፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግና የት እንደሚደረግ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ ሁለት መስመር ጻፉ። ፒ ሲ አር ውድ ነው፣ በሁሉም ቦታ አይገኝም፤ እናውቃለን። “የት እንደሚገኝ ጠይቂ” ማለት ግን ዋጋ አይጠይቅም። ውጤቱንም በር ላይ ጮክ ብላችሁ አትንገሩ። ለኤች አይ ቪ የምክር አገልግሎት እንዴት እንደሚሰጥ ይህ አገር ያውቅበታል፤ ከዚያው ቆንጥራችሁ ለሌላውም ስጡ።

ወላጆችና ጎረቤቶች ሆይ፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ በስኒ፣ በመሶብ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፉም። ሲ በዋነኛነት የሚተላለፈው በደም ነው። ቢም በደም፣ በግብረ ሥጋና ከእናት ወደ ልጅ ነው። ስለዚህ ምላጭና መርፌ አትዋሱ፣ ጥርስ ብሩሽም አትጋሩ። ስኒውን ግን መልሱት።

እናንተ ወረቀት የያዛችሁ ደግሞ፣ ሳትፈሩ ሦስት ነገር ጠይቁ። የተመረመረው አንቲቦዲ ነው ወይስ ቫይረሱ ራሱ? አሁን አለብኝ ማለት ነው ወይስ ነበረብኝ? ቀጥሎ የትኛውን ምርመራ ላድርግ? መልስ ካጣችሁ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ወረቀቱን ግን አትደብቁ። ያልተረጋገጠ ነገር መደበቅ የሌለ በሽታ ተሸክሞ መኖር፣ ወይም ያለውን በሽታ ሳይታከሙ ማስረጀት ነው።

እኛ ጋዜጠኞችም አለንበት። “ምርመራ ከተደረገላቸው ይህን ያህሉ ቫይረሱ ተገኘባቸው” ብለን እንጽፋለን። ቫይረሱ ነው የተገኘባቸው ወይስ አንቲቦዲው? ስንቶቻችን ጠይቀናል? በኮቪድ ጊዜ ዓለም ሁሉ ይህን ጥያቄ ለመማር ተገዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 አንዳንድ መንግሥታት አንቲቦዲ ለተገኘበት ሰው “አይዝህም” የሚል የይለፍ ወረቀት ለመስጠት ሲያስቡ የዓለም ጤና ድርጅት “ቆዩ፣ ገና ማስረጃ የለም” ብሎ አስጠንቅቋል። ትምህርቱን ከወረርሽኙ ጋር የቀበርነው ይመስለኛል።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻ እጇን ይዤ አንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና ፒ ሲ አር አዘዘች። ዋጋው ሲነገረን ሁለታችንም ተያየን። እናቷ አሁንም እቁብተኛ ለመኑ። ውጤቱ ሲመጣ ቫይረሱ አልተገኘም። ምናልባት ድሮ፣ ማን ያውቃል በየትኛው መርፌ፣ ገብቶባት ሰውነቷ ራሱ አስወጥቶት ይሆናል። ምናልባትም የመጀመሪያው ምርመራ ራሱ ተሳስቶ ይሆናል። ለጥንቃቄ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግማ እንድትመረመር ሐኪሟ ነግራታለች።

የጉዞው ቦታ በሌላ ሰው ተተክቷል። የእቁቡ ዕዳ እንዳለ ነው። እሷ አሁን ሁለቱን ወረቀቶች፣ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን፣ በአንድ ላይ አጥፋ በፕላስቲክ ውስጥ ይዛ ነው የምትንቀሳቀሰው። ነገ ሌላ ቦታ ደሟን ሲወስዱ መዝገቡ እንደገና “ሪአክቲቭ” ሊል እንደሚችል ስለገባት ነው።

ባለፈው እሑድ ቡና ሊጠጡ ጠርተውኝ ሄድኩ። እትዬ ስኒ ሲደረድሩ ዓይኔ የተለየችዋን ስኒ ፈለገ። ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅላለች፤ የትኛዋ እንደነበረች መለየት አቃተኝ። አልጠየቅኩም። ቡናዬን ጠጥቼ፣ “ይህን ደግሞ እስኪ አንብቢልን” ተብዬ የመብራት ቢል ይዤ ወጣሁ።

ቸር እንሰንብት።